የወይራ አፋፍ ቅሬ ብረት

ፈንታሁን ያረጀ ብረት በአዲስ ሳፋ የሚለውጥ ሰው ነው። ገበያ በማይውልበት ቀን አህያውን ይጭንና ከመካነ ሰላም ወጥቶ በየመንደሩ ይዞራል። ሰማያዊው ሳፋ፣ ቀዩ ጆግና ቢጫው ባልዲ በአህያው ጀርባ ላይ ተቆልሎ ከሩቅ ሲታይ፣ አበባ ያወጣ ማሳ በራሱ እግር የሚሄድ ይመስላል። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ግን አበባው የለም። ያለቀ ማረሻ፣ የተሰበረ ማጭድ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ከመኪና የወለቀ ባሌስትራ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ከተማ ውስጥ ንጉሡ ለሚባል ነጋዴ ያስረክባል። የንጉሡ ግቢ ሲሞላ አይሱዙ ይመጣና ብረቱን ኮምቦልቻ፣ ማቅለጫው ዘንድ ያደርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈንታሁን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ንጉሡ አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ፦

"ዛሬ አልቀበልም" እንደሚለው ብቻ ነው።

"ምነው? ትናንት ተቀብለህ?"

"ትናንት ሌላ ነው። ቱርኮች መግዛት አቁመዋል አሉ። ባሕር ላይ መርከብ ቆሟል።"

"የኔን ማጭድ ቱርክ ምን ያደርግላታል?"

"እኔ ምኑን አውቄው! ስልክ ደወሉልኝ፣ አቁም አሉኝ፣ አቆምኩ።"

ፈንታሁን አህያውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያስብ ነበር። ከወይራ አፋፍ የመጣች አንዲት ጎራዳ ማጭድ፣ እሱ በዐይኑ ባላየው ባሕር ላይ፣ እሱ በማያውቀው መርከብ ምክንያት እንዳትንቀሳቀስ ተከልክላለች። ደጋግሞ ቢያስበውም ሐሳቡ ጫፍና ጫፉ አይገናኝለትም።

የተወለደው ወይራ አፋፍ ነው፤ የእናቱ ቤትም እዚያው ነው። ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ቢሆን ነው፤ ሦስት ሸንተረር አንድ ገደል ላይ የሚገናኙበት ቦታ። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ የቀብር ዕድር፣ ይቀባበራል። ቅሬው ብዙ ንብረት የለውም። ጥቂት ዶማና አካፋ፣ አንድ ቃሬዛ፣ አንድ ድንኳን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረቱ። ብረቱ ከአፋፉ ወይራ ላይ በሰንሰለት ተሰቅሎ ይኖራል። ሰው ሲሞት ስማቸው የሚባለው የቅሬው ጠሪ በመዶሻ ይመታዋል፤ ሦስቱም ሸንተረር ይሰማል። አራሹ በሬውን ይፈታል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ሁሉም ይወርዳል።

ስለ ብረቱ አንድ ሕግ አለ፤ ሰው ሳይሞት አይመታም። ለሙከራ አይመታም፣ ለሠርግ አይመታም፣ ጅብ በረት ቢገባ እንኳ አይመታም። በስህተት የነካውን ሰው ሽማግሌዎቹ "ማንን እየጠራህ ነው?" ብለው ይቆጡታል፤ ያ ሰውም ሳምንቱን ሙሉ ቤተሰቡን እየቆጠረ ይከርማል።

ባለፈው ክረምት ንፋስ የወይራውን ቅርንጫፍ ገነጠለውና ብረቱ ወደቀ። የቅሬው ሰዎች "ክረምቱ ይለፍ፣ ሌላ ቅርንጫፍ እንመርጣለን" ብለው ወይራው ሥር ቤቷ ላለው ለዙሀራ አደራ ሰጧት። ዙሀራ ብረቱን በሯ አጠገብ አጋደመችው። በመስከረም ልጇ ከኩታበር ሁዳ የምትባል ሙሽራ አገባ። ሁዳ ስለ ብረቱ የነገራት ሰው አልነበረም። ስትገባ ስትወጣ እግሯን እየመታት ሁለት ወር ታገሠችው።

በኅዳር አንድ ቀን ፈንታሁን "ልዋጭ! ያረጀ ብረት በአዲስ ሳፋ!" እያለ በዚያ አለፈ። ሁዳ ብረቱን እያንከባለለች አመጣችለትና ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ መረጠች። ፈንታሁን ብረቱን አነሣው፣ ከበደው፣ ደስ አለው። እንዲያውም አንዲት ጆግ መረቀላት።

ያ ብረት የአያቱን ሞት የጠራ ነበር። የአባቱንም። ፈንታሁን አላወቀውም።

በታኅሣሥ የባህሩ አባት ሞቱ። ባህሩ ከላይኛው ሸንተረር ነው፤ ጎበዝ ገበሬ፣ ከማንም ቀብር ቀርቶ የማያውቅ። ስማቸው መዶሻውን ይዞ ወደ ዙሀራ ቤት ሮጠ። ብረቱ የለም። ስልክ እንዳይደውሉ ኔትወርክ ከጠፋ ወር አልፎታል። ሰው በእግር ተላከ፤ የተላከው ሰው ገደሉን ዞሮ እስኪደርስ ግን ቀኑ መሸበት። ባህሩ አባቱን በአሥራ አራት ሰው ቀበረ።

በሳምንቱ ቅሬው ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ፈንታሁን መሐል ላይ ቆመ። የቅሬው ዳኛ አያ ኪዳነማርያም ምርኩዛቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉና፦

"አንተ ፈንታሁን፣ ብረቱን አንድ ቀን አይደለም አርባ ዓመት ነው የምታውቀው። እንዴት ነው ያላወቅከው?" አሉት።

"ተኝቶ ነበር፣ አያ ኪዳነማርያም።"

"ምን ሆኖ ነበር?"

"ተኝቶ። እኔ ተሰቅሎ ነው የማውቀው። መሬት ላይ ሳየው እንዲሁ ብረት መሰለኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዙሀራ ከሴቶቹ በኩል ተነሣች።

"ጥፋቱ የኔም ነው፣ ወላሂ። ለምራቴ አልነገርኳትም። ሳፋውን አምጥቻለሁ፤ ይኸው።"

"ሳፋውን ምን እናድርገው፣ እትዬ ዙሀራ?" አለ ስማቸው። "ሰው ሲሞት ሳፋ ልምታ?"

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ባህሩ ብቻ አልሳቀም። ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ "አባቴን በአሥራ አራት ሰው ቀበርኩት" አለ። ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ብረቱ እስኪመለስ ፈንታሁን ከቅሬው ወጥቷል። እስከዚያ ድረስ በቤቱ ሞት ቢገባ ማንም ዶማ አያነሣም።

የፈንታሁን እናት እማማ አበቡ ከመደባቸው ከተነሡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፍርዱን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ ጠየቁት፦

"ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ስንት ቀን ይፈጃል?"

"መንገዱ ክፍት ከሆነ ሳምንት ቢሆን ነው፣ እማ።"

"እንግዲያው ሳምንት እቆይሃለሁ። ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባም።"

"እማ፣ እንዲህ አትበይ።"

"ምን ልበል? ያለ ሰው ልቀበር? ሂድ፣ ቶሎ በል፤ እኔም ደክሞኛል።"

መንገዱ ግን ተዘግቶ ከረመ። በጥር ሲከፈት ፈንታሁን በጆንያ ሙሉ ያለቀ ማረሻ ይዞ ንጉሡ ባስጫነው አይሱዙ ላይ ወጣ፤ ብረቱን ካገኘው በኪሎው ልክ ለመለወጥ ነበር። ሌላ የመለወጫ ዘዴ አያውቅም። በአቀስታ፣ በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ጋቢውን ቢያስወልቀውም ጋቢውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ።

የማቅለጫውን ግቢ ሲያይ ቆመ። እሱ በአህያ የሚያመላልሰው ብረት መጨረሻው አንድ ጉብታ የሚያህል ክምር ይመስለው ነበር። ያየው ግን ተራራ ነው፤ ለዚያውም አንድ ሳይሆን አምስት። ክሬን እንደ አሞራ አንገቱን እየሰበረ ከአንዱ ተራራ ያነሣና ሌላው ላይ ይጥላል። የተጨፈለቀ መኪና አለ፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት አለ፣ የሕፃን አልጋ አለ፣ ቤት የሚያህል ቧንቧ አለ፤ እሱ በማያውቃቸው ፊደላት የተጻፈበት ወፍራም ብረትም አለ። ይህ ሁሉ ነገር የሰው ነበር። የማን እንደነበረ ግን ማንም አይጠይቅም።

አንዲት ሴት በገመድ የታሰረ ማግኔት እየጎተተች ብረቱን ከነሐስና ከአሉሚኒየም ትለያለች። ራሕማ ትባላለች። ጉዳዩን ነገራት።

"መቼ ነው የተጫነ?"

"ኅዳር መጨረሻ።"

"ኅዳር?" ማግኔቷን አስቀመጠች። "ወንድሜ፣ የኅዳር ብረት እኮ አሁን ፌሮ ሆኗል። ምናልባትም እናንተው ዘንድ ተመልሶ የሰው ቤት ተሸክሞ ቆሟል።"

ፈንታሁን መካነ ሰላም ውስጥ የሚሠሩትን ፎቆች አንድ በአንድ አሰበ። የአባቱን ሞት የጠራው ብረት ከየትኛው ምሰሶ ውስጥ ነው? አንዱን ምሰሶ በመዶሻ ቢመታው ይጮህ ይሆን? ደግሞስ የስንት ሰው ማጭድ ተደባልቆበታል?

"ምናልባት ግን ሳይቀልጥ ተርፎ ይሆናል" አላት።

"ምናልባትማ ምን ገዶት! ምን ይመስላል?"

ፈንታሁን ለማስታወስ ሞከረ። ክብ ነበር። ወፍራም ነበር። መሐሉ ቀዳዳ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ምንም አያውቅም።

"ድምፁን ግን አውቀዋለሁ" አለ።

ራሕማ ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወችው። "አብሽር" አለችው። አለቃዋን አስፈቅዳም መዶሻ ሰጠችው።

ሦስት ቀን ሙሉ መታ። ክብ የሆነውን ብረት ሁሉ እየጎተተ ያወጣል፣ በሽቦ አንጠልጥሎ ይመታል፣ ያዳምጣል። አንዱ እንደ እንስራ "ዱብ" ይላል። አንዱ እንደ ሽማግሌ ያስላል። አንዱ ጀምሮ ይተወዋል፤ ሊናገር የነበረውን የረሳ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ስንት ብረት እንደመታ ትዝ አለውና ደነገጠ። ብረት ያለ ሞት አይመታም። እሱ ግን ዛሬ ብቻ ከመቶ በላይ መትቷል።

"ራሕማ፣ እናንተ ሰፈር ዛሬ ሰው ሞተ?"

"ኧረ የለም! ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

በሁለተኛው ቀን የባሰ ነገር መጣ። ከብዙ ድምፅ በኋላ የሚፈልገው ድምፅ ራሱ ጠፋበት። ዐይኑን ጨፍኖ ወይራ አፋፍን ቢያስብም ጆሮው ውስጥ ያለው ክሬኑ ብቻ ነው። የሚፈልገውን የማያውቅ ፈላጊ ሆነ። ቢሆንም መምታቱን አልተወም፤ ለእናቱ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አንዱን መታና፣ ምንም ሳያስብ ጆንያውን አንሥቶ መሄድ ጀመረ። አምስት ስድስት እርምጃ ተራምዷል።

"የት ነው?" አለችው ራሕማ።

ፈንታሁን ቆመ። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ወደ ታች ሲመለከት ጋቢው ተዘቅዝቋል። እጆቹ ናቸው ያዘቀዘቁት፤ ሰው ሞቷል ሲባል እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ እሱን ሳያስፈቅዱት። ዐይኑም እንባ አቅርሯል።

"ይሄ ነው" አለ።

ራሕማ መጥታ ብረቱን አገላበጠችው። በአንድ ጎኑ የባዕድ ፊደል አለበት። "ይሄ እኮ የዛሬ አራት ቀን በኮንቴይነር የገባ ነው" አለችው። "ከጅቡቲ። ከባሕር ማዶ። የናንተ ሊሆን አይችልም።"

"ከየት አገር?"

ክሬን የሚነዳውን ሰው ጠየቁት። የመርከብ ነው አለ። ዘበኛው የባቡር ነው አለ። ራሕማ የምንም ይሁን፣ ከክሬኑ በታች አትቁሙ አለች። ፈንታሁን በጆንያ ያመጣውን ማረሻ አስመዝኖ ኪሎ በኪሎ ለወጠው። የወይራ አፋፍ ማረሻ እዚያው ቀረ፤ ምናልባት አንድ ቀን እሱም ባሕር ይሻገር ይሆናል። ከባሕር የመጣው ብረት ደግሞ በአይሱዙ ላይ ከፈንታሁን እግር ሥር ተጋድሞ ደጋውን ወጣ።

እማማ አበቡ ጠብቀውት ነበር።

"አገኘኸው?"

"አላውቅም፣ እማ።"

"ይጮሃል ወይ?"

"እዚህ መምታት አይቻልም። ሰው ካልሞተ..."

እማማ አበቡ ፈገግ አሉ። "እንግዲያው እኔ አልሰማውም ማለት ነው" አሉ።

ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። ብረቱ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ እየዞረ አየው።

"የኛ አራት ቀዳዳ ነበረው" አለ አንዱ።

"የምን አራት! አንድ ነው።"

"ክብም አልነበረም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ነገር ነበር።"

"እንቁላል ሰቅለን ነው ስንቀብር የኖርነው?"

ሁሉም ወደ ስማቸው ዞረ። ሃያ ዓመት ብረቱን የመታ ሰው ነው። ስማቸው ራሱን አከከ።

"እውነቱን ልንገራችሁ? ስመታው ፊቴን አዞራለሁ። ዝገቱ ዐይኔ ውስጥ ይገባል።"

"ታዲያ አንድ ጊዜ ምታውና እንስማው!" አለ አንድ ጎረምሳ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹበት። "ማንን ልትጠራ?"

ስለዚህ ምንም ማድረግ አልተቻለም። ብረቱን ለማወቅ መስማት ያስፈልጋል፤ ለመስማት ደግሞ ሰው መሞት አለበት። አያ ኪዳነማርያም ጺማቸውን እየዳበሱ ወደ ፈንታሁን ዞሩ።

"አንተው ትናገራለህ። በእናትህ ስም ንገረን። ይህ ብረት የኛ ነው ወይስ አይደለም?"

ነው ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። እናቱም ተጋድመው የሚጠብቁት ይህችን አንዲት ቃል ነው። ፈንታሁን ብረቱን አየ፣ ባህሩን አየ።

"አላውቅም" አለ። "ሴትዮዋ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው አለችኝ፤ የኛው ቀልጧል አለች። እኔ ግን ስመታው ጋቢዬን አዘቅዝቄ ተገኘሁ። ሰው የሞተብኝ መሰለኝ። ከዚህ ሌላ አላውቅም።"

ማንም አልሳቀም። አያ ኪዳነማርያም "እንግዲህ ይሰቀል" አሉ። "ሲጠራ እንሰማዋለን። የሚያውቀው ይመጣል፤ የማያውቀው ይቀራል። የፈንታሁንም ነገር ያኔ ይለያል።"

ብረቱ ተሰቀለ።

እማማ አበቡ በየካቲት አጋማሽ ዐረፉ፤ በማለዳ፣ ውሃ ጠይቀው ጠጥተው። ፈንታሁን ዐይናቸውን ከድኖ ደጅ ወጣና ወደ ስማቸው ቤት ሄደ። ስማቸው መዶሻውን አንሥቶ ወደ አፋፉ ወጣ፣ ፊቱን አዞረ፣ መታ።

ፈንታሁን ድምፁን ሰማው። ያኛው ነው? ደግሞ አይመስለውም። ደግሞ ይመስለዋል። ጠለቅ ያለ፣ ቶሎ የማያልቅ፣ ገደሉን ሞልቶ የሚቆይ ድምፅ ነው። እናቱ ቤት ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሦስቱን ሸንተረር እያየ ጠበቀ። ሸንተረሮቹ ባዶ ናቸው። የደረቀ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ሁለት በሬ። በሬዎቹ ተጠምደው ቆመዋል። ቀንበሩን የሚፈታ ሰው አይታይም።

ከዚያ ከላይኛው ሸንተረር አንድ ነጭ ነገር ወረደ። ትከሻው ላይ ዶማ አለ። ባህሩ ነው። ከኋላው ሌላ ነጭ፣ ከዚያ ሌላ፤ ከመካከለኛው ሸንተረር ሴቶች በሰልፍ፣ ከታችኛው ዙሀራና ምራቷ ሁዳ። ሰማያዊው ሳፋ በሁዳ ራስ ላይ ነው፤ ለቀባሪው ቆሎ ሞልታበታለች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከወንዙ ማዶ፣ የቀድሞው ብረት ድምፁ ደርሶ ከማያውቅበት ሸንተረር ሁሉ ሰው ይወርድ ጀመር። የሌላ ቅሬ ሰዎች ናቸው። እያለከለኩ ደርሰው በግርምት ዙሪያቸውን አዩ።

"ከኛ ሰው የሞተ መስሎን ነበር" አለ ከፊት የመጣው ሰውዬ። "ማነው የሞተው?"

"እናቴ" አለ ፈንታሁን።

"ነፍስ ይማር። አናውቃቸውም።" ሰውዬው ዞሮ ከኋላው ያሉትን አየ። እነሱም እሱን አዩት። "እንግዲህ መጥተናል" አለ፣ አካፋም ጠየቀ።

አያ ኪዳነማርያም ወይራው ሥር ቆመው ሰውየውን፣ ብረቱን፣ ከማዶ የመጣውን ሕዝብ በየተራ አዩ። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ቢኖርም ፍርድ አልሰጡም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መቃብሩ ወረዱ። አፈሩ ደረቅ ነበር፤ በብዙ እጅ ግን ቶሎ ጠለቀ። ከማዶ የመጣው ሰውዬ ላቡን እየጠረገ ባህሩን ጠየቀው።

"ያ ብረት የማነው? ከየት አመጣችሁት?"

ባህሩ ዶማውን አንሥቶ መልሶ አሳረፈ።

"የኛ ነው" አለ።

ፈንታሁን ቀና ብሎ አየው። ባህሩ ከጉድጓዱ ወጣና አጠገቡ ቆመ። እጁን ወደ ፈንታሁን ትከሻ ዘረጋ። ፈንታሁን ያን ጊዜ ነው ያየው። ጋቢው አልተዘቀዘቀም። በገዛ እናቱ ሞት እጆቹ ረስተውታል። ባህሩ ጋቢውን በዝግታ ገፈፈው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረ፣ መልሶ አለበሰውና አካፋ ሰጠው።